በችግር ጊዜ ውለታ የዋለላችሁን ሰው እንዴት ታመሰግናላችሁ?

የወደብ ሰፈሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ከጣና ዳር ብዙም ሳልርቅ። ባለቤቴ ጀልባ ነጂ ነው። ቱሪስት ጭኖ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደብረ ማርያም፣ ረጅም ጉዞ ሲገኝ ደግሞ እስከ ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ ይደርስ ነበር። እኔ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። በ2012 ኮሮና መጣ፤ ያልፋል አልን። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የክልላችን ግጭት። እንግዳ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀነሰው አንሶላ አጣቢ ነው፤ ማንም ያልተኛበት አልጋ አንሶላ አይቀየርለትም። ከሥራ የወጣሁት እንዲህ ነው። የባለቤቴም ጀልባ ከሚንቀሳቀስበት ቀን ይልቅ ታስሮ የሚውልበት ይበልጣል። አሁን እሱ ከአጥማጆች ቀረሶና አምባዛ እየተረከበ ለምግብ ቤቶች ያደርሳል፤ እኔ እንጀራ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። መብራት ከጠፋ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ደንበኛው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል።

ይህን የነገርኳችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የእኛን የመሰለ ቤት በዚህ ከተማ ሞልቷል፤ ከእኛ የባሰም ሞልቷል። ጥያቄዬ ስለ ምስጋና ነው።

የሴቶች የቁጠባ ማኅበራችን በቅርቡ አንዲት አሠልጣኝ ጋብዞ ነበር። "በየምሽቱ ያመሰገናችሁባቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ" ብላ ለእያንዳንዳችን ደብተር አደለችን። ጥሩ ደብተር ነው፤ ልጄ ለሒሳብ ትምህርቷ ዓይኗን ጥላበታለች። ጻፍኩ። ሲጀመር ቀላል ነበር፦ ውሃ መጣ፤ የትንሹ ልጄ ትኩሳት ወረደ፤ ባለቤቴ በሰላም ገባ። እያደር ግን የምጽፈው ሁሉ ወደ አንድ ቤት ያመራኝ ጀመር። "ዛሬ ምሳ በላን" ብዬ እጽፋለሁ። ከየት መጣ? ጎረቤቴ ሽሮ ልካ። "ልጄ ጫማ አገኘች።" ማን ገዛላት? ጎረቤቴ። "ጤፉ አላለቀም።" ጤፉ የማን ሆነና? የእሷው ነው፤ "ሲመችሽ ትመልሺያለሽ" ብላ የሰጠችኝ።

ጎረቤቴ ሀብታም አይደለችም። ጡረታ የወጣች፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ስትሰጥ ድምፅ የላትም። በአጥሩ በኩል ሳህን ታቀብለኛለች፣ "ለልጆቹ ነው" ትላለች፣ ፊቷን መልሳ ትገባለች። እኔ ግን ሳህኗን መመለስ አልቻልኩም። እናቴ ያሳደገችኝ "የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም" እያለች ነው። ቢያንስ ቆሎ፣ ቢያንስ ጥቂት የዘጌ ሎሚ ተደርጎበት ነው የሚመለሰው። እኔ ደግሞ የማደርግበት የለኝም። ስለዚህ ዕቃዎቿ እኔ ቤት ተደርድረዋል፦ ሰማያዊ አበባ ያለበት የሸክላ ሳህን፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ፣ ጠርዙ የተላጠ ጎድጓዳ የቆርቆሮ ሳህን፣ ሌላም። መደርደሪያው ላይ ባየኋቸው ቁጥር ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ይባስ ብሎ ከእሷ ጋር ላለመገናኘት መንገድ መቀየር ጀምሬያለሁ። ቆሻሻ እንኳ የምደፋው ሲመሽ ነው።

ለእግዚአብሔር ተመስገን ማለት አላቃተኝም። ያቃተኝ ለእሷ ነው። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" እላለሁ፤ ለአንድ ብርጭቆ ውሃም የምለው ይህንኑ ነው። ስንት ወር ቤቴን ለደገፈ ሰው ምን ይባላል? ብድሯን ሳልመልስ ማመስገኔ አፍ ብቻ መስሎ ይሰማኛል።

አንድ ልጨምር። አሠልጣኟ "የሚያማርር ሰው አያመሰግንም" ብላለች። እኔ ሁለቱንም በአንድ ቀን አደርጋለሁ። እውነት አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል?

ተስፋ አለኝ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ከአንቺ የባሰ ስንት አለ። ላይችል አይሰጥም። ሁሉም ለበጎ ነው፤ ተመስገን በይና እለፊው።

የወደብ ሰፈሯ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ከእኔ የባሰ እንዳለ አውቃለሁ፤ በአንድ አጥር ውስጥ ነው የምንኖረው። ተፈናቅላ የመጣች ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋር የጓሮውን ክፍል ተከራይታለች። የእሷን መከራ አይቼ በእኔ ልደሰት? በሰው ጉዳት የሚቆም ምስጋና ለእኔ አይዋጥልኝም። የጠየቅሁት ደግሞ ሌላ ነው።

ታንኳ፦

እኔም ጀልባ አለኝ፤ ሥራዬም ዓሣ ነው፤ ስለዚህ የባለቤትሽ ነገር ይገባኛል። ደስ የማይል ነገር ልናገር ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አመስግኑ እያለ የሚመክረን ሰው ብዙውን ጊዜ ወር ሲሞላ ደመወዙ የሚገባለት ነው። መጥቶ ያሠለጥናል፣ ውሎ አበሉን ይቀበላል፣ ይሄዳል። እኛ ከደብተር ጋር እንቀራለን። ጣናን እዩት። እንቦጭ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በደምቢያና በፎገራ በኩል ያሉ ዘመዶቼ ውሃ ውስጥ እስከ ወገባቸው እየገቡ በእጃቸው ነቅለዋል። ነቅለው ዳር ያወጡት ሳይደርቅ ነፋስ ሌላውን ይዞላቸው ይመጣል። መረብ ሲወጣ ከዓሣው አረሙ ይበልጣል። ያንን ሰው "የዛሬውን በጎ ነገር ጻፍ" ማለት ስድብ ነው። መንቀያ ማሽን የሚጠግን ሰው ብትልኩለት ግን ሳትጠይቁት ይመርቃችኋል።

ማማረር ደግሞ ነውር አይደለም። "ውሃው ተበላሸ" ብሎ የጮኸ አጥማጅ ባይኖር ኖሮ እንቦጩን ማን ያውቀው ነበር? ዝም ያለ ሰው አመስጋኝ ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች ጩኸት የሚረብሻቸው ናቸው።

ስለ ጎረቤትሽ የምለው የለኝም። እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ካለሽ ግን ከብዙዎቻችን ትሻያለሽ።

የፋብሪካ ጡረተኛ፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን በመነጽር። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ አሮጊት ነኝ። ተቀባይም ሰጪም ሆኜ አልፌበታለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ የማማረሩን ነገር ልጨርሰው፤ ቀላል ነውና። ዳዊት የሚደግም ሰው ያውቀዋል። 12ኛው መዝሙር "አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ" ብሎ ይጀምራል። ይህ ማማረር ካልሆነ ማማረር ምንድን ነው? ያው መዝሙር ሳይረዝም በምስጋና ያልቃል። በቅዳሴያችንም ያለውን የምስጋና ጸሎት ልብ ብለሽ ስሚው። "ሁሉ ደኅና ነው" አይልም። ሰውሮናል፣ ረድቶናል፣ ጠብቆናል፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናል ነው የሚለው። ስለ ነገ አንድም ቃል ሳይዋሽ የተደረገውን ብቻ ይቆጥራል። ይህን የሚሰማ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ስለ ጤፍ ዋጋ ቢያማርር ምስጋናው አይሰረዝበትም። አሠልጣኟ ልጅ ሳትሆን አትቀርም።

አሁን ወደ ሳህኖቹ። ባለቤቴ ሲሞት ልጆቼ ትንንሾች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። አንዲት የፎገራ ሴት፣ እዚያው ፈትል ክፍል አብራኝ የምትሠራ፣ ስንት ሌሊት ልጆቼን እሷ ቤት አሳደረቻቸው። ቆጥሬ አልጨርሰውም። የከፈልኳት የለም፤ ከየት አምጥቼ? ሰዎች ለቅሶ ሲደርሱኝ እንደ ወጉ "ብድራችሁን በደስታ እንድመልስ ያድርገኝ" ብዬ ነበር። ለእሷ ልጅ ሠርግ ወጥ ስሠራ አደርኩ። ያ ሠርግ የመጣው ልጆቼ አድገው እኔም እፎይ ካልኩ በኋላ ነው። ብድር የሚመለስበት ቀን አለው፤ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ሳህን፣ በዚያው ልክ መሆን አለበት ያለሽ ማን ነው? በዚያው ሳምንት የሚከፈለው የሱቅ ዱቤ ነው።

ሰጪ ሆኜ ያየሁትን ደግሞ ስሚ፤ ይህንን ተቀባይ አያውቀውም። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ ለብዙ ዓመት ቡና አጣጪዬ። ባሏ ታሞ ሥራ ሲያቆም ጤፍ አበደርኳት፤ ትንሽ ገንዘብም ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ መምጣት ቀነሰች። ቡና ሲፈላ ልጅ ብልክባት "ሥራ ይዤ ነው" ትላለች። መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ ሱቅ ትገባለች። ጤፉን ከረሳሁት ቆይቷል። የሚቆጨኝ ቡና አጣጪዬን ማጣቴ ነው። እኔ የሰጠኋት አጠገቤ እንድትሆን ነበር፤ እሷ ከሰጠኋት በኋላ ጠፋች። ገብቶሻል? ያች ጡረተኛ ብቻዋን ትኖራለች ብለሻል። በአጥሩ በኩል የምታቀብልሽ ምን እየፈለገች እንደሆነ አስበሽ ታውቂያለሽ? ሽሮ ለአንድ ሰው መሥራት ያስጠላል፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ሳህኖቹን ሁሉ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ በቡና ሰዓት ይዘሻቸው ሂጂ። ባዶ ይሁኑ። እናትሽ ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት ካለችም ዕድሜ ይስጣትና፣ ልክ ብላለች፤ ግን የሰው ዕቃ ደብቆ ማስቀመጥም አላስተማረችሽም። ቡና ትልሻለች፤ እምቢ አትበዪ። ከእጇ ተቀብለሽ አንቺ ቁዪ፣ አንቺ አፍዪ። እስከ በረካው ቆዪ፤ በአቦል ብድግ የሚል እንግዳ ግዴታ ሊወጣ የመጣ ነው። እዚያ ላይ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለሽ አትተዪው። አንድ ቀን ምረጪና ንገሪያት። ሽሮው የመጣበትን ቀን፣ ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ልጆቹ በልተው ምን እንዳሉ፣ ባልሽ ገብቶ ምን እንዳለ። ሰው የሰጠው ነገር እዚያ ቤት ገብቶ ምን እንደሠራ ማወቅ ይፈልጋል፤ ማንም ግን አይነግረውም።

ሌላም አለ። አንሶላ አጣቢ ነበርኩ ብለሻል። ጋቢ ሲረጥብ ስንት እንደሚከብድ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ አሁን የገዛ ጋቢዬን ከውሃ ማውጣት ያቅተኛል፤ ወገቤ አይፈቅድም፤ ለሰው መንገር ደግሞ ያሳፍረኛል። የጎረቤትሽ ብርድ ልብስና ጋቢ መቼ እንደታጠበ ታውቂያለሽ? "የምሰጠው የለኝም" ስትይ እጅሽን ረስተሽዋል።

የሥነ ልቦና ተማሪ፦

ከእማማ በኋላ መጻፍ ይከብዳል። የደብተሩ ነገር ከየት እንደመጣ ግን ልጠቁም፤ አሠልጣኟ ከኪሷ ያወጣችው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካላው የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት የተወሰኑ ተማሪዎች ለአሥር ሳምንታት በሳምንት አንድ ጊዜ ያመሰገኑባቸውን እስከ አምስት ነገሮች ጽፈዋል። ሌሎቹ ያበሳጯቸውን ጽፈዋል። ምስጋናውን የጻፉት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ልብ በሉ፤ በየምሽቱ ሳይሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። የሦስቱ ነገሮች ልምምድ የታወቀው ደግሞ ማርቲን ሰሊግማንና ባልደረቦቹ በ2005 ካሳተሙት ነው፤ እሱ በየምሽቱ ለአንድ ሳምንት የሚደረግ ነበር።

በዚያው የ2005 ጥናት ውስጥ ለእህታችን የሚሆን ሌላ ልምምድ አለ። ተሳታፊዎች በጎ ላደረገላቸው፣ በወጉ ላላመሰገኑት ሰው ደብዳቤ ጽፈው ራሳቸው ወስደው እንዲያነቡለት ተደረገ። ከተሞከሩት ሁሉ ወዲያውኑ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነበር፤ ግን ወራት ሲያልፉ ስሜቱ ደበዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የምስጋና ደብዳቤ ጸሐፊዎችን አስቀድመው ጠየቁ፦ ተቀባዩ ምን የሚሰማው ይመስላችኋል? ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ ይጨናነቃል ብለው ከሚገባው በላይ ፈሩ፤ ደስታውን ደግሞ ከእውነተኛው አሳንሰው ገመቱ። ቃላት በትክክል መምረጣቸው ያስጨነቃቸው እነሱን ነበር፤ ተቀባዮቹ ያዩት የሰውየውን ሙቀት ነው።

ታንኳ ያለውን በተመለከተም እሱ ልክ የሆነበት ቦታ አለ። በ2020 ዴቪድ ክሬግና ጄኒፈር ቺቨንስ 27 ጥናቶችን አንድ ላይ ገምግመው የምስጋና ልምምድ በድብርትና በጭንቀት ላይ ያለው ውጤት አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተዘጋበት፣ መኖር ያስጠላው ሰው ካለ ወደ ጤና ባለሙያ ይሂድ እንጂ ደብተር አይሰጠው።

የቅዳሜ ገበያዋ፦

አሰላሙ ዐለይኩም። ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቅመም የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ሱቅ ላይ ተቀምጬ በስልክ ነው የምጽፈው።

በእኛ ዘንድ የታወቀ ሐዲስ አለ፦ ሰዎችን የማያመሰግን አላህን አያመሰግንም። እህቴ ለፈጣሪ ማመስገን አልከበደኝም፣ የከበደኝ ለሰው ነው ስትል ይህ ነው የታወሰኝ። ሰውን ዘሎ ወደ ላይ የሚሄድ ሹክር የለም። ቁርኣን ደግሞ ሰጪውንም ይገሥጻል፤ ምጽዋታችሁን በመመጻደቅና በማስከፋት አታበላሹ ይላል። ጎረቤትሽ በአጥር አቀብላ፣ ፊቷን መልሳ መግባቷ ለዚህ ይመስለኛል። ፊትሽን ላለማየት የምትሸሽ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ አንቺ እንዳታፍሪ ነው ፊቷን የምታዞረው። ሁለታችሁም ስትተፋፈሩ አጥሩ ከፍ አለ።

ከእማማ ጋር ግን በአንድ ነገር አልስማማም፤ ይቅር ይበሉኝ። ሳህን በመለስሽበት ቀን የጋቢውን ነገር አታንሺ። ሸቀጥ ስለምሸጥ አውቀዋለሁ፤ እጅ በእጅ ሲሆን ንግድ ይሆናል። ሽሮሽን በጉልበቴ ልክፈልሽ ያልሽ ይመስላታል፤ አንዳንድ ሰው በዚህ ይቆጣል። ቡናውን ጠጪ፣ ንገሪያት፣ ሂጂ። ጋቢው ሌላ ቀን ራሱ ይመጣል፤ ልብስ ስታሰጪ አጥሩ ላይ ሆነሽ "ያለሽን አምጪው፣ ሳሙናው ተበጥብጧል" ትያታለሽ። እንዲህ ስትያት እምቢ አትልም።

የፋብሪካ ጡረተኛ፦

የቅዳሜ ገበያዋ ልክ ናት። "ሳሙናው ተበጥብጧል" የሚለውን እኔም ወስጄዋለሁ።

ታንኳ፦

ተማሪው ልክ ነህ ስላልከኝ አመሰግናለሁ። በስንት ጊዜ አንዴ ነው።

የወደብ ሰፈሯ፦

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ሳልመልስ የቆየሁት ስልኬ ቻርጅ አልነበረውም፤ ደግሞም ሄጄ እስክመለስ አልጻፍም ብዬ ነው።

ሄድኩ። ዕቃዎቹን በዘንቢል ይዤ፣ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው ዘንቢሉን ነው። ምን አለች መሰላችሁ? "እሰይ፣ እኔ ደግሞ ሌባ ወሰደው ብዬ ነበር፤ ባለፈው እንግዳ መጥቶብኝ በድስት ክዳን ነው ያቀረብኩት!" እኔ ባዶውን ልመልስ ወይስ ልቆይ እያልኩ ስጨነቅ እሷ ሳህን አጥታ ነበር። ሳቄ መጣ፤ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

ቡናውን እኔ ቆላሁት። ሲጨስ ወደ እሷ አቀረብኩላት፤ በእጇ ወደ አፍንጫዋ እየሳበች "ልጄ ከሄደች ወዲህ ሌላ ሰው የቆላው ቡና አሽትቼ አላውቅም" አለች። አቦሉ ላይ ምንም አልተናገርኩም። ቶናው ላይ ነው የጀመርኩት። ያን ቀን፣ ባለቤቴ ዓሣ ሳይሸጥለት ተበላሽቶበት ባዶ እጁን በገባበት ቀን፣ የላከችው ሽሮ ምን እንዳደረገ ነገርኳት። ልጆቹ ሽሮው የእኔ መስሏቸው "እማዬ፣ ዛሬ ሽሮሽ ጣፈጠ" ማለታቸውን፣ እኔም አለማረሜን። ባለቤቴ ግን በአንድ ጉርሻ እንደለየው፤ እሱ የእኔን ሽሮ ጠንቅቆ ያውቃል። ጎረቤቴ እያዳመጠች ቀሚሷን በጣቷ ስታጣጥፍ ስትፈታ ቆየች። በመጨረሻ "እኔ እኮ ጨው በዝቶበት የጣላችሁት መስሎኝ ነበር፤ ሳህኑ ሲቀር" አለች።

የጋቢውን ነገር የቅዳሜ ገበያዋ እንዳለችው አላነሣሁም። ራሷ አነሣችው። እጇ ላይ ሪህ እንዳለባትና ልብስ የምትጨምቅበት ጉልበት እንዳጣች የነገረችኝ በረካውን ስንጠጣ ነው። ጋቢዋ አሁን የእኛ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሲረጥብ እንዴት እንደሚከብድ እማማ ያሉት እውነት ነው፤ ከሆቴሉ አንሶላ ጋር አይወዳደርም፤ ለመጠምዘዝ ባለቤቴን ጠርቼ እሱ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ነው የጨመቅነው።

ብድሩ ተመለሰ እያልኩ አይደለም። ጤፉ አሁንም ዕዳ ነው፤ ዛሬ ማታም ከዚያው ጤፍ ነው የማቦካው። መብራቱም ያው ነው፤ ትናንት ሊጥ ተበላሽቶብኝ ስደፋ ከልቤ አማርሬያለሁ፤ አሠልጣኟ ብትሰማኝ ደብተሩን ትቀማኝ ነበር። አትችልም እንጂ፤ ለልጄ ሰጥቻታለሁ፤ ክፍልፋይ እየሠራችበት ነው። ለራሴ አንድ ገጽ ቀድጄ አስቀርቻለሁ። የምጽፍበት የሰው ስምና ያደረገልኝን ነው፤ ሄጄ ስነግረው እሰርዘዋለሁ። ከጎረቤቴ ቀጥሎ ያለችው ባለሱቋ ናት፤ ዘይት በዱቤ ስትሰጠኝ ሰው ፊት ስሜን የማትጠራ ሴት። እሷን እንዴት እንደምጀምርላት ገና አላወቅሁም፤ ሱቁ ሁልጊዜ ሰው ይሞላዋል።

የጓሮዋን ተፈናቃይ ሴት ለሚቀጥለው ቡና ጎረቤቴ ራሷ ጋብዛታለች። ስኒ ይበቃን ይሆን ብዬ ስጨነቅ "ሳህኖቼ እንደሆኑ ተመልሰዋል" አለችኝ።

ታንኳ፦

ደስ ብሎኛል። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ፤ ርዕሱ ካልተበላሸባችሁ። ባለቤትሽ የጀልባ ሞተር ይነካል? የእኔ ይነሣል፤ ከዳር ትንሽ ራቅ ስል ይታፈንና ይጠፋል። ትናንት ከደብረ ማርያም እየቀዘፍኩ ነው የተመለስኩት። ጥሬ ገንዘብ የለኝም፤ በዓሣ ከተስማማን ነገ ጠዋት ወደቡ ላይ ነኝ።

የወደብ ሰፈሯ፦

ጠየቅሁት። ነዳጁ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል፣ እስከ ነገ ማጣሪያውን ፈትቶ ያራግፈው፣ እንዳይነዳው ብሏል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መፍቻውን ይዞ ይመጣል። ዓሣው ቀረሶ ይሁን፤ አምባዛ ልጆቹ አይበሉልኝም።